ሁሉም እስኪሟላ መጠበቅ፦ ስለ ቪዲዮ ሥራ ጅማሮ የሚነገሩ ተረቶችና እውነታው

አጭር ፊልም፣ ዘጋቢ ፊልም ወይም የዩቲዩብ ዝግጅት የመሥራት ሕልም ያላቸው ብዙ ሰዎች ሐሳባቸውን ለዓመታት ይዘው የሚቆዩት በተመሳሳይ ምክንያቶች ነው፦ ካሜራው የለም፣ ገንዘቡ አይበቃም፣ ትምህርቱ አላለቀም፣ ጊዜው ገና ነው። ከእነዚህ መካከል እውነተኛ እጥረቶች አሉ። አብዛኞቹ ግን ፊልም በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ካለማወቅ የመጡ እምነቶች ናቸው። በሌላ በኩል «ዝም ብለህ ጀምር» የሚለው የማነቃቂያ ንግግርም የራሱን ተረቶች ፈጥሯል፤ ጀማሪውን ሳይዘጋጅ ወደ ቀረጻ ይልክና መሀል መንገድ ላይ ይተወዋል። ሁለቱም መታረም አለባቸው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጥሩ ካሜራ ከሌለ ጥሩ ፊልም የለም»

ከሁሉም የተስፋፋው እምነት ይህ ነው። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሾን ቤከር በ2015 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ያሳየው «ታንጀሪን» የተባለ ረጅም ፊልም በሎስ አንጀለስ ጎዳናዎች ላይ የተቀረጸው በአይፎን 5ኤስ ስልኮች ነበር። ዛሬ በብዙ ሰው ኪስ ያለው ስልክ ከዚያ የተሻለ ምስል ይቀርጻል። ፈረንሳዊቷ አኜስ ቫርዳ ደግሞ በ2000፣ ዕድሜዋ ሰባ ካለፈ በኋላ፣ ስለ ቃራሚዎች የሠራችውን ዘጋቢ ፊልም በከፊል የቀረጸችው በትንሽ የእጅ ዲጂታል ካሜራ ነው። በአንድ እጇ ካሜራውን ይዛ ያረጀውን ሌላውን እጇን የቀረጸችበት ትዕይንት በትልቅ ካሜራና በብዙ ሠራተኛ መሀል ሊገኝ አይችልም ነበር። እዚህ ላይ የመሣሪያው ትንሽነት ጉድለት ሳይሆን የፊልሙ አቅም ነበር።

የ«ታንጀሪን» ታሪክ ሲነገር ግን የሚቀር ነገር አለ። ቤከር ጀማሪ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት አራት ረጅም ፊልሞች ሠርቷል። ስልኮቹ ላይ ተጨማሪ ሌንስ ገጥሟል፣ ብርሃንና ትኩረትን በእጅ የሚያስተካክል መተግበሪያ ተጠቅሟል፣ ድምፁንም በስልክ ሳይሆን በድምፅ ባለሙያ አስቀርጿል። ስልክ በቂ ነው ማለት ስልክ ብቻውን ፊልም ይሠራል ማለት አይደለም።

በስልክ የሚቀርጽ ሰው የመሣሪያውን ድክመት አውቆ በዚያው ልክ ማቀድ አለበት። የስልክ ካሜራ ብርሃን የሚቀበልበት ክፍል በጣም ትንሽ ስለሆነ በጨለማ ቦታ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል፤ ስለዚህ የቤት ውስጥ ትዕይንት ቀን ቀን መስኮት አጠገብ ቢቀረጽ ይሻላል። በጣት እየጎተቱ ምስሉን ከማቅረብ በእግር ሄዶ መጠጋት ይመረጣል፤ አብዛኛው የጣት ማቅረቢያ ምስሉን ቆርጦ ከማስፋት ያለፈ ሥራ የለውም። በቀረጻ መሀል ምስሉ በድንገት እንዳይደምቅ ወይም እንዳይጨልም ስክሪኑን ጫን አድርጎ በመያዝ ትኩረትንና ብርሃንን መቆለፍ ይቻላል። የማስቀመጫ ቦታም አስቀድሞ ይታሰብበት፦ በአይፎን በተለመደው የተጨመቀ አቀማመጥ በሴኮንድ 30 ምስል ሲቀረጽ፣ የ1080 ፒክስል ጥራት ለአንድ ደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ ሲወስድ 4ኬ ግን 170 ገደማ ይወስዳል። ሥራው የሚታየው በስልክ ስክሪን ከሆነ 4ኬ ካልተቀረጸ ብሎ ቀረጻ ማዘግየት ትርጉም የለውም።

ገንዘብና ጭንቀት መዋል ያለበት በድምፅ ላይ ነው። ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሳል፤ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገስም። በሙያው የቆየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጀማሪ ግን ባለው ብር ሌንስ ይገዛል። ተናጋሪውና ማይኩ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የመንገዱ መኪናና የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ሦስት ሜትር ርቆ የተቀረጸ ቃለ መጠይቅ ጉድጓድ ውስጥ የተነገረ የሚመስለው ለዚህ ነው። ማይክ መግዛት ያልቻለ ሰው ሌላ ስልክ በድምፅ መቅጃ ከፍቶ በተናጋሪው የደረት ኪስ ማስቀመጥ ይችላል። ቀረጻው ሲጀመር ካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ማጨብጨብ በቅንብር ወቅት ድምፁንና ምስሉን ለማገጣጠም ይበቃል።

«እገሌ በ7 ሺህ ዶላር ሠርቶ ሆሊውድ ገባ»

ይህ ደግሞ የተቃራኒው ወገን ተረት ነው። ሮበርት ሮድሪጌዝ «ኤል ማሪያቺ»ን በ7 ሺህ ዶላር ገደማ መሥራቱ እውነት ነው። ከገንዘቡ ከፊሉን ያገኘው ለአዲስ መድኃኒት ሙከራ በፈቃደኝነት ገብቶ ነው፤ ስክሪፕቱንም የጻፈው እዚያው ተኝቶ ሳለ ነበር። ፊልሙን ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ገዛው፤ በ1993ም በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። የማይነገረው፣ ሲኒማ ቤት የደረሰው ቅጂ በ7 ሺህ ዶላር እንዳልተሠራ ነው። ኩባንያው ድምፁን ለማደስና ፊልሙን ወደ 35 ሚሊ ሜትር ለማዛወር የፊልሙን ወጪ ብዙ እጥፍ አፍስሷል። ሮድሪጌዝም መጀመሪያ ያሰበው ሆሊውድን ሳይሆን የስፓኒሽ ቋንቋን የቪዲዮ ገበያ ነበር፤ ፊልሙ ለእርሱ መለማመጃ ነበር።

ከዚህ ታሪክ መወሰድ ያለበት የዶላሩ መጠን ሳይሆን የአሠራሩ ዘዴ ነው። ሮድሪጌዝ ታሪክ ጽፎ ዕቃ አልፈለገም፤ በእጁ ያለውን ቆጥሮ ታሪክ ጻፈ። የሚያውቀው የድንበር ከተማ፣ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ ውሻ፣ አንድ ኤሊ፣ ለመተወን ዝግጁ የሆኑ ወዳጆች ነበሩት፤ ሁሉም ፊልሙ ውስጥ ገቡ። ካሜራው ከድምፅ መቅጃው ጋር ስለማይናበብ ድምፁን ለብቻው በቴፕ ቀዳ። ካሜራውን ለማንሸራተት የሕመምተኛ ተሽከርካሪ ወንበር ተጠቀመ። በዚህ መንገድ የሚጽፍ ሰው «ገንዘቡ እስኪገኝ» የሚለውን ጥበቃ ገና በስክሪፕቱ ያስቀረዋል። የአማርኛ አጭር ፊልም ጀማሪ የመጀመሪያ ስክሪፕቱን በመኪና አደጋ፣ በሠርግና በሆስፒታል ትዕይንት ሞልቶ ገንዘብ ከሚጠብቅ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ምሽትና ሁለት ሰው የሚበቃው ታሪክ ቢያስብ ሥራው በአንድ ቅዳሜና እሁድ ሊቀረጽ ይችላል።

አፍሪካ ውስጥ ሙሉ ኢንዱስትሪዎች የተወለዱት እንዲሁ ነው። በናይጄሪያ የኖሊውድ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው የ1992ቱ «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» በቪዲዮ ተቀርጾ በካሴት የተሸጠ ፊልም ነው። በካምፓላ የዋካሊጋ ሰፈር አይዛክ ናብዋና ከተለያዩ ዕቃዎች በገጣጠማቸው ኮምፒውተሮች እያቀናበረ የሠራው የድብድብ ፊልም በ2010 ቅምሻው ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ በዓለም ዙሪያ ተመልካች አገኘ። በኢትዮጵያም ፊልም መሥራት ማለት ሴሉሎይድ ከውጭ ማስገባት በነበረበት ዘመን ሥራው በጥቂት ሰዎችና በመንግሥት ተቋም እጅ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጹ የአማርኛ ፊልሞች በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በፕሮጀክተር መታየት ጀመሩ። የምስላቸው ጥራት ከሴሉሎይድ ያነሰ ነበር፤ ተመልካቹ ግን ተሰልፎ ገባ። እነዚያ ሰዎች 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ቢጠብቁ ኖሮ፣ በኋላ በዓመት በደርዘን የሚቆጠሩ ፊልሞች ያወጣው ገበያ አይኖርም ነበር።

«ሳይማሩ መጀመር ነውር ነው»

ሕንዳዊው ሳትያጂት ሬይ «ፓተር ፓንቻሊ»ን በ1952 መቅረጽ ሲጀምር የማስታወቂያ ድርጅት ሠዓሊ ነበር፤ ከዚያ በፊት ፊልም ዳይሬክት አድርጎ አያውቅም። የካሜራ ባለሙያው ሱብራታ ሚትራ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ የፊልም ካሜራ ይዞ ሠርቶ የማያውቅ ወጣት ነበር። ሬይ ከሥራው ስላልለቀቀ የሚቀርጹት በዕረፍት ቀናት ነበር። በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን የቀረጹበት የነጭ አበባ ሜዳ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመለሱ በከብት ተግጦ ጠበቃቸው፤ ትዕይንቱን ለመጨረስ አበባው እንደገና እስኪያብብ አንድ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ። ገንዘብ አልቆ ሥራው ቆመ፤ የሚስቱ ጌጣጌጥ ሳይቀር ተያዘ፤ በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ አቀረበ። ፊልሙ በ1955 ወጣ፣ በ1956 በካን ፌስቲቫል ተሸለመ።

ሬይ የፊልም ትምህርት ቤት አልገባም፤ ይህ ግን አልተዘጋጀም ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ዣን ረኗር ለፊልም ሥራ ካልካታ በመጣ ጊዜ አብሮት ዞሯል። በ1950 ለንደን በቆየባቸው ወራት ወደ መቶ የሚጠጉ ፊልሞች አይቷል። ፊልሙ የተመሠረተበትን ልብ ወለድ አጭር እትም ሥዕሎች የሠራው እርሱ ነበር፤ የፊልሙን ትዕይንቶችም አስቀድሞ በሥዕል ነድፏል። የጎደለው የምስክር ወረቀትና ገንዘብ እንጂ ዕይታ አልነበረም። «ሳይማሩ መጀመር» እና «ሳያስቡ መጀመር» በሰፊው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ኢትዮጵያዊው ዳይሬክተር ኃይሌ ገሪማ ደግሞ እየተማረ ሳለ ትምህርቱ እስኪያልቅ አልጠበቀም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተማሪ እያለ በአብዮቱ ወቅት ኢትዮጵያ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ቀረጸ። ተዋናዮቹ ሙያተኞች አልነበሩም። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጀው ፊልም በ1976 በሎካርኖ ፌስቲቫል የብር ነብር ሽልማት አገኘ።

«ብዙ የሠራ ጥራቱም ይመጣል»

ጀማሪዎችን ለማበረታታት የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፦ አንድ የሸክላ አስተማሪ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን በሠሩት ብዛት፣ ግማሹን በአንድ ፍጹም ሥራ ጥራት እንደሚመዝን ነገራቸው፤ ምርጦቹ ሥራዎች ከብዛቱ ቡድን ወጡ። ታሪኩ የታወቀው ዴቪድ ቤይልስና ቴድ ኦርላንድ በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። ብዙዎች እንደ ጥናት ይጠቅሱታል፤ ጥናት ግን አይደለም። ኦርላንድ እንዳረጋገጠው መነሻው የፎቶግራፍ ባለሙያው ጄሪ ኡልስማን በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎቹን ለማነቃቃት የተጠቀመበት ዘዴ ነው፤ ፎቶውን ወደ ሸክላ የቀየሩት ጸሐፊዎቹ ናቸው።

የተሻለ መሠረት ያለው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዲን ኪት ሳይመንተን ሥራ ነው። የታላላቅ ፈጣሪዎችን ዕድሜ ልክ ሥራ ሲመረምር፣ ብዙ ምርጥ ሥራ ያላቸው ሰዎች ብዙ ደካማ ሥራም እንዳላቸው አገኘ። ይህ ማለት አንድ ሰው የትኛው ሥራው እንደሚሳካ አስቀድሞ መለየት ይከብደዋል ማለት እንጂ ያለ ጥንቃቄ ብዙ መልቀቅ ይክሳል ማለት አይደለም። ስህተቱን ሳያይ ሃምሳ ቪዲዮ የለቀቀ ሰው አንዱን ስህተት ሃምሳ ጊዜ ደግሞታል።

«የመጀመሪያው ቅንብር ካላማረ ሥራው አይሆንም»

ብዙ የተቀረጸ ሥራ የሚሞተው ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም ሠሪው የመጀመሪያውን ቅንብር አይቶ ያፍራል። የመጀመሪያ ቅንብር ግን በሙያተኛ እጅም ቢሆን ረጅም፣ ዘገምተኛና አሰልቺ ነው። የሚሠራውም የጎደለውንና የተረፈውን ለማየት ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭን የመሰለ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ነፃ ቅጂ ስላለው የቅንብር መሣሪያ ዋጋ ዛሬ ትልቅ እንቅፋት አይደለም። የሚያስፈልገው ሌላ ሰው አጠገብ አስቀምጦ ማሳየትና የት ላይ ስልኩን እንዳነሳ ልብ ማለት ነው።

ቶሎ መጀመር ቶሎ መጨረስ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና ኤሞስ ትቨርስኪ በ1979 እንዳሳዩት ሰው የራሱ ሥራ የሚፈጅበትን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ይገምታል። ለምሳሌ ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር በሐረር ዙሪያ ስለ ጫት የሠራችው ዘጋቢ ፊልም «ፋያ ዳዪ» በ2021 እስኪወጣ አሥር ዓመት ገደማ ወስዷል። እየቀረጹ አሥር ዓመት ማሳለፍና ሳይጀምሩ አሥር ዓመት መጠበቅ ግን ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

መጠበቅ ያለባቸው ነገሮችም አሉ። የሚቀረጸው ሰው ፈቃድ፣ ለሕፃናት የወላጅ ስምምነት፣ ለሙዚቃ የባለመብቱ ይሁንታ፣ በኢትዮጵያ ድሮን ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ ሳይገኙ አይቀረጽም።

«ሥራው ጥሩ ከሆነ አከፋፋይ ይፈልገዋል»

የኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» በ1993 በበርሊን ፌስቲቫል ተወዳደረ። አሜሪካ ውስጥ ግን የሚያከፋፍለው ኩባንያ አላገኘም። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና መጀመሪያ ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይተው አሳዩት፤ ከዚያም በየከተማው ካሉ የጥቁር አሜሪካውያን ማኅበረሰቦች ጋር ተባብረው ከከተማ ወደ ከተማ ወሰዱት። በፊልሙ ስም የተሰየመ የመጻሕፍትና የፊልም መደብርም እዚያው ዋሽንግተን በጆርጂያ ጎዳና ከፈቱ። የታደሰው ቅጂ በኔትፍሊክስ የቀረበው በ2021 ነው፤ ለሃያ ስምንት ዓመታት ግን ፊልሙ በሠሪዎቹ እጅ ሲታይ ኖሯል።