ከጠረጴዛው ሳይነሳ የወጣ አባል

በማርች 1966 (እ.ኤ.አ.) የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል ለአሜሪካው ሊንደን ጆንሰን ደብዳቤ ጻፉ። ፈረንሳይ ከኔቶ የተቀናጀ ወታደራዊ ዕዝ ትወጣለች፤ በምድሯ የሰፈረው የውጭ ጦርም ይልቀቅ የሚል ነበር።

ብዙዎች ይህን ከኔቶ መውጣት ይሉታል፤ አይደለም። ደ ጎል የጠሉት ጦራቸው በሰላም ጊዜ በአሜሪካዊ ጄኔራል ዕቅድ ሥር መዋሉን እንጂ ውሉን አልነበረም። በአንዱ ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ የሚቆጥረው አንቀጽ 5 ፈረንሳይንም ማሰሩን ቀጠለ። አምባሳደሯም ከኔቶ ምክር ቤት ወንበር አልተነሱም።

ለቀሩት 14 አገሮች ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ምክር ቤቱ የሚወስነው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በስምምነት ነው። ታዲያ በዕዙ ውስጥ የሌለች አገር ስለ ዕዙ እንዴት ትወስን? መልሱ ቀላልና ብልህ ነበር። ቀድሞ የነበረውን የመከላከያ ዕቅድ ኮሚቴ ዋና የወታደራዊ ውሳኔ መድረክ አደረጉት፤ ፈረንሳይም በዚያ አልተቀመጠችም። በ1967 የጦር ጠቅላይ መምሪያው ከፓሪስ አጠገብ ተነሥቶ ቤልጂየም ሞንስ ከተማ አቅራቢያ ሰፈረ፤ ምክር ቤቱ ደግሞ ወደ ብራስልስ ሄደ።

መለያየቱ ጉዳት ብቻ አላመጣም። ፈረንሳይ ስትቃወመው የቆየችው፣ ለማንኛውም ጥቃት ወዲያው በኑክሌር ከመመለስ ይልቅ እንደ ጥቃቱ መጠን መመለስን የሚፈቅደው ስልት በዓመቱ መጨረሻ ጸደቀ። በዚያው ጊዜ ምክር ቤቱ፣ ፈረንሳይም ጭምር፣ የሃርሜልን ሪፖርት ተቀበለ፤ መከላከልና ከሶቪየት ኅብረት ጋር ውጥረት ማርገብ አብረው ይሂዱ የሚል ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ደግሞ የኔቶው አዛዥ ሌምኒትዘርና የፈረንሳዩ የጦር ኃይሎች ኤታ ማዦር ሹም አየረ፣ ጦርነት ቢነሳ ሁለቱ ጦሮች እንዴት እንደሚተባበሩ ተስማሙ። በአደባባይ ነጻነት፣ በካርታው ላይ ትብብር! ለእኔ የደ ጎል ዘመን እውነተኛ ገጽታ ይኸኛው ነው።

የመከላከያ ዕቅድ ኮሚቴው ጥቅም ያለጥርጥር የታየው ግን በፌብሩዋሪ 2003 ነው። የኢራቅ ጦርነት ሲቃረብ ቱርክን ለመከላከል ዕቅድ ይዘጋጅ ሲባል ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ቤልጂየም በምክር ቤቱ አገዱት። ጀርመንና ቤልጂየም ሲለሳለሱ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴው ተወሰደና ያለ ፈረንሳይ አለቀ። በ1966 ለሌላ ችግር የተበጀ መፍትሔ ከ37 ዓመት በኋላ የጎን በር ሆነ።

ኒኮላ ሳርኮዚ በ2009 ፈረንሳይን ወደ ዕዙ ሲመልሱ ስሌታቸው ግልጽ ነበር፦ ወታደሮቻችን በቦስኒያ፣ በኮሶቮና በአፍጋኒስታን ከኔቶ ጋር ተሰልፈዋል፤ ዕቅዱ ሲነደፍ ግን ድምፃችን ደካማ ነው። በምላሹ ኖርፎልክ ቨርጂኒያ ያለው፣ የኔቶን የወደፊት አቅም የሚያጠናው ዕዝ ለፈረንሳዊ ጄኔራል ተሰጠ። ከኔቶ የኑክሌር ዕቅድ ቡድን ግን ፈረንሳይ ዛሬም ውጭ ናት፤ በዚህ ጉዳይ ሳርኮዚም ደ ጎልን አልነኩም።

መመለሷ ያልተጠበቀ ዋጋ ነበረው። ፈረንሳይ ስትገባ የመከላከያ ዕቅድ ኮሚቴው የተለየ ሥራ አጣ፤ በ2010ም ተበተነ። ከዚያ ወዲህ አንድ አባል ወታደራዊ ዕቅድን እምቢ ቢል ጉዳዩን የሚወስዱበት ሌላ ክፍል የለም፤ እስኪስማማ ድረስ ማግባባት ብቻ ነው።