ላም ወተቷን የምትይዘው ለምንድን ነው?



በባላገርም ሆነ በከተማ አንዲት የምትታለብ ላም ያለችው ቤተ ሰብ የላሚቱን ጠባይ እንደ ሰው ጠባይ አድርጎ ያወራዋል። አንዷ እመቤቷ ካላለበቻት በቀር ግቷን አታስነካም፤ ሁለተኛዋ ጥጃዋ ከፊቷ ካልቆመ ጠብታ አትሰጥም፤ ሦስተኛዋ ሲዘፈንላት ወተቷን ስትለቅ ቆይታ እንግዳ ሰው ከበረቱ ብቅ ሲል ታቋርጣለች፤ አራተኛዋ ደግሞ ግሬራው ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በርግጫ ትደፋዋለች። ባለቤቱም ይህን ሲያይ «ወተቷን ያዘች፤ ተንኮለኛ ናት» ይልና ዱላ ያነሣል፤ ዱላው ያልመለሳት እንደ ሆነም ለሥጋ ነጋዴ ይሸጣታል። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ላሚቱ በዚህ ክስ ጥፋተኛ አለመሆኗንና በዱላው የሚጎዳው ባለቤቱ ራሱ መሆኑን ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ወተት ከግት የሚወጣበትን መንገድ እንመልከት። ብዙ ሰው ግትን ውሃ እንደ ተሞላ ስልቻ፥ ጡቶቹንም እንደ ስልቻው አፍ አድርጎ ያስባል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከጡቱ በላይ ባለው ክፍት ቦታ የሚጠራቀመው የወተቱ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው፤ የሚበልጠው በግቱ ሥጋ ውስጥ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች ተቋጥሮ ይቀመጣል። ይህን ወተት የአላቢው እጅ ብቻውን ሊያወጣው አይችልም። ጥጃው ሲጠባ ወይም የአላቢው እጅ ጡቱን ሲያሽ ስሜቱ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይደርሳል። ያን ጊዜ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባለው ዕጢ ኦክሲቶሲን የተባለውን ቅመም ወደ ደም ትለቃለች። ቅመሙም ከአንድ ደቂቃ ገደማ በኋላ ግት ደርሶ ከረጢቶቹን ያስጨምቃቸዋል፤ ወተቱም ወደ ጡት ይወርዳል። ባለቤቱ «ለቀቀች» የሚለው ይህን ጊዜ ነው።

ይህም ቅመም የሚለቀቀው ጡት ሲነካ ብቻ አይደለም። ላም የጥጃዋን ድምፅ፥ የግሬራውን ኮሽታ፥ የለመደችውን ሰው አነጋገር ከመታለብ ጋር አያይዛ ስለምትይዝ ገና ሳትነካ ወተቷ የሚወርድበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ዘፈን ካልሰማች የማትታለበው ላም ዘፈኑን ምልክት አድርጋ ለምዳዋለች ማለት ነው እንጂ ቅብጠት አይደለም።

ፍርሃት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. ኢሊና ፒተርሰን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በላም ጀርባ ላይ ድመት አስቀምጠው፥ በየ10 ሴኮንዱ የተነፋ የወረቀት ከረጢት እያፈነዱ ላሚቱን ለ2 ደቂቃ ያህል አስደነገጧት። እርሷም እንደ ወትሮዋ ወተቷን አልለቀቀችም። በሌላ ሙከራ ወደ ግቷ እኩሌታ የሚሄዱትን ነርቮች ቈርጠው ባለቧት ጊዜ ግን ከሁለቱም ወገን ወተት ወረደ። ከዚህ የተረዳው ነገር ትእዛዙ ከአንጎል ወደ ግት የሚደርሰው በነርቭ ሳይሆን በደም መሆኑ ነው። የደነገጠች ላም ደም አድሬናሊን በተባለው የድንጋጤ ቅመም ይሞላል፤ ይህም የፊተኛውን ቅመም ሥራ ያግዳል። ስለዚህ ላሚቱ «ልያዝ» ብላ ወተቷን የምትከለክልበት ሥልጣን የላትም፤ ዱላውም ሊከፍተው የፈለገውን በር መልሶ ይዘጋዋል።

ሻኛ ያላቸው የአገራችን ላሞች በተለይ ጥጃቸውን ይሻሉ፤ ጥጃው የሞተ እንደ ሆነ ብዙዎቹ ወዲያው ይነጥፋሉ። አባቶቻችን ይህን በማወቅ የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፈው ጭድ ይሞሉና ላሚቱ እየላሰችው ያልቧት ነበር። በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን የሚኖሩት ኑዌሮችም ይህንኑ ብልኀት የሚያውቁ ናቸው። የቅመሙ ስም ሳይታወቅ ሥራው ታውቆ ነበር ማለት ነው።

አስተዋይ የቤት እመቤት ደግሞ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባታል። በአንድ እልበት ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው ወተት ቀጭን ሲሆን መጨረሻ የሚወጣው እጅግ ቅባት ያለው ነው። ላሚቱ ሳትጨርስ ያቋረጠች እንደ ሆነ በግቷ ውስጥ የሚቀረው ከሁሉ ይልቅ ቅቤ የሚወጣው ክፍል ነው። ይህም በየቀኑ የተደጋገመ እንደ ሆነ ግቱ የሚሠራው ወተት እየቀነሰ ይሄዳል።

ስለዚህ የሚከተለውን ማድረግ ይጠቅማል። ላሚቱን በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ስፍራ፥ የሚቻል ከሆነም አንድ ሰው ይለባት። ጥጃውን ጥቂት አጥብቶ ከፊቷ ማሰር፥ ግቷንም ለብ ባለ ውሃ አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው። ወተቷን ከለቀቀች በኋላ የቅመሙ ኃይል የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ ሳይዘገዩ ማለብ፥ የመጨረሻውንም ለጥጃው መተው ይገባል። ኦክሲቶሲን በመርፌ ይሰጣል፤ ነገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በየዕለቱ ቢወጓት ላሚቱ ያለ መርፌ አልለቅ ትላለች።

በመጨረሻም ጠባየ መልካም የነበረች ላም በድንገት መራገጥ ብትጀምር በመጀመሪያ የአላቢው ጥፍር ይታይ። ቀጥሎ ጡቷ ተሰንጥቆ ወይም ግቷ አብጦ ተኵሶ እንደ ሆነ ይመርመር። የመጀመሪያውን ወተት በጥቍር ጨርቅ ላይ አልቦ ማየትም ይጠቅማል፤ የተቋጠረ፥ ውሃ የመሰለ ወይም ደም ያለበት ቢሆን የግት በሽታ ስለ ሆነ ላሚቱን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ያሻል። መናገር የማትችል እንስሳ ሕመሟን የምታስታውቀው በእግሯ ነው፤ ይህን ያልተረዳ ባለቤት የልጆቹን ወተት በገዛ እጁ ለሥጋ ነጋዴ አሳልፎ ይሰጣል።