ስህተቱን ማን ይያዘው? በጃቫ ሲስተሞቻችን ውስጥ የኤክሰፕሽን አያያዝ



የመመረቂያ ፕሮጀክት ሲደርስ ብዙዎቻችን በጃቫ፣ በተለይም በስፕሪንግ ቡት፣ የድረ ገጽ ሲስተም እንሠራለን። ኮዱን ኮንትሮለር፣ ሰርቪስና ሪፖዚተሪ ብለን በሦስት እርከን መክፈልን በክፍል ውስጥ ተምረናል። ዳታቤዙ እምቢ ሲል የሚነሳውን ኤክሰፕሽን የትኛው እርከን ይያዘው የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል። በዚህ እትም ይህንኑ እንመለከታለን።

ለምሳሌ የመጽሐፍ ማዋሻ ሲስተም እንውሰድ። ተማሪው «ልዋስ» የሚለውን ቁልፍ ሲጫን ኮንትሮለሩ ጥያቄውን ይቀበላል። ሰርቪሱ ደንቡን ያያል፤ ኮፒ ቀርቷል ወይ? ተማሪው ከተፈቀደለት በላይ ይዟል ወይ? ሪፖዚተሪው ደግሞ ውሰቱን ዳታቤዝ ላይ ይመዘግባል። በዚህ መሀል የዳታቤዙ ግንኙነት ተቋረጠ እንበል።

ከሁሉ የከፋው መልስ ባዶ ካች ነው። ሪፖዚተሪው ኤክሰፕሽኑን ይይዝና ምንም ሳያደርግ፣ ወይም ስታክ ትሬሱን ስክሪን ላይ ብቻ አትሞ ይመለሳል። ሰርቪሱ ሁሉም ነገር የተሳካ ይመስለዋል፤ ኮንትሮለሩም «ተመዝግቧል» ብሎ ይመልሳል። ተማሪው መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል፣ መዝገቡ ላይ ግን ስሙ የለም። ከወር በኋላ መጽሐፉ የት እንደገባ የሚያውቅ አይኖርም። ሲስተሙ የክፍያ ቢሆን ኖሮ የጠፋው የሰው ገንዘብ ነበር። ተጠቃሚው መረጃውን አማና ብሎ ሰጥቶናልና ያልተሠራውን ተሠራ ማለት ተራ የኮድ ጉድለት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

መነሻ ደንባችን ይህ ነው፦ ካች የምንጽፈው ለስህተቱ አንድ ነገር ማድረግ በምንችልበት ቦታ ብቻ ነው። ማድረግ የምንችለውም ሦስት ነገር ነው። መፍትሔ ካለን መፍታት (ለምሳሌ እንደገና መሞከር)፣ ለላይኛው እርከን በሚገባው ቋንቋ መተርጎም፣ ወይም ለተጠቃሚው መልስ መስጠት። ከሦስቱ አንዱንም የማንችል ከሆነ ኤክሰፕሽኑ ወደ ላይ ይለፍ።

የሪፖዚተሪው ድርሻ መተርጎም ነው። ጄዲቢሲ የሚወረውረው ኤስኪውኤልኤክሰፕሽን ቼክድ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ኮምፓይለሩ ወይ ያዙት ወይ በሜተዱ ፊርማ ላይ አስታውቁት ብሎ ያስገድደናል። ብዙ ባዶ ካች የሚጻፈውም ይህን ጩኸት ዝም ለማሰኘት ነው። ሳንይዘው ወደ ላይ ካሳለፍነው ደግሞ ሰርቪሱና ኮንትሮለሩ ስለ ዳታቤዝ ማወቅ ይገደዳሉ፤ ነገ የመረጃ ማከማቻውን ብንቀይር እነሱንም መንካት ሊኖርብን ነው። ስፕሪንግ ይህንን አስቀድሞ አስቦበታል፤ ጄዲቢሲቴምፕሌትን ስንጠቀም ኤስኪውኤልኤክሰፕሽንን ዳታአክሰስኤክሰፕሽን በሚባል አንቼክድ ቤተሰብ ይተረጉምልናል። በእጃችን ስንተረጉም ግን ዋናውን ኤክሰፕሽን እንደ መንስኤ ከአዲሱ ጋር ማያያዝ አንርሳ። ጃቫ ይህንን ከ1.4 ጀምሮ ይደግፋል። ካላያያዝነው ችግሩ ከየት እንደተነሳ የሚነግረን የስታክ ትሬሱ ክፍል ይጠፋል።

ሰርቪሱ የሚናገረው በሥራው ቋንቋ ነው፤ «ኮፒ አልቋል»፣ «የውሰት ገደብ ታልፏል»። ለእነዚህ የራሳችንን ኤክሰፕሽን እንፈጥራለን፤ ከራንታይምኤክሰፕሽን ቢወርሱ ይመረጣል። ምክንያቱ የትራንዛክሽን ጉዳይ ነው። ስፕሪንግ፣ ሌላ ካልነገርነው በቀር፣ ትራንዛክሽናል የሚል ምልክት ያለውን ሜተድ ወደ ኋላ የሚመልሰው ራንታይምኤክሰፕሽን ወይም ኤረር ሲወረወር ብቻ ነው። ሰርቪሱ የኮፒውን ቁጥር በአንድ ቀንሶ፣ ውሰቱን ከመመዝገቡ በፊት ቼክድ ኤክሰፕሽን ቢወረውር ቅናሹ ይጸድቃል፤ ውሰቱ ግን የለም። ቼክድ መጠቀም ግድ ከሆነብን ሮልባክፎር በሚለው ቅንብር ማስታወቅ አለብን። ኤክሰፕሽኑን እዚያው ሜተድ ውስጥ ይዘን ዝም ካልንም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ ስፕሪንግ ያላየውን ስህተት ሊመልስ አይችልም።

መልስ የሚሰጠው ከላይ፣ በአንድ ቦታ ነው። በየኮንትሮለሩ ካች ከመደርደር ሬስትኮንትሮለርአድቫይስ የሚል ምልክት ያለው አንድ ክላስ እንጽፍና ኤክሰፕሽኑን ሁሉ እዚያ ወደ ኤችቲቲፒ መልስ እንለውጣለን። የተላከው መረጃ ከተበላሸ 400፣ መጽሐፉ ከነጭራሹ ከሌለ 404፣ የመጨረሻውን ኮፒ ሌላ ሰው ከቀደመ 409፣ ያልጠበቅነው ችግር ከሆነ 500። ለተጠቃሚው ስታክ ትሬስ አናሳየውም፤ እሱን ግራ ያጋባዋል፣ ለአጥቂ ግን የቴብሎቻችንንና የምንጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች ስም ይነግረዋል። በምትኩ አጭር የአማርኛ መልእክትና አንድ የመከታተያ ቁጥር እንስጠው። ያው ቁጥር ሎጉ ላይም ካለ ተማሪው ይዞት ሲመጣ ችግሩን ሳንደክም እናገኘዋለን።

ሎግም ቢሆን አንድ ጊዜ ይበቃል። በየእርከኑ ሎግ አድርገን መልሰን ከወረወርነው አንዱ ስህተት ሦስት ሆኖ ይታያል፤ ሌሊት ሎግ የሚያነበውም ሰው ሦስት ችግር ሲያሳድድ ያድራል። ያልጠበቅነውን ስህተት ከነሙሉ ስታክ ትሬሱ እንመዝግብ፤ «ኮፒ አልቋል» ላለው ግን አንድ መስመር ይበቃዋል።

ፕሮጀክታችሁን ከማቅረባችሁ በፊት ይህንን ሞክሩ። ሲስተሙ እየሠራ ሳለ ዳታቤዙን አጥፉና «ልዋስ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ተጠቃሚው አልተሳካም ተብሎ በግልጽ ተነገረው? ሎጉ ላይ መንስኤው አንድ ጊዜ ተጽፏል? ዳታቤዙ ሲመለስ የኮፒው ቁጥርና የውሰቱ መዝገብ ይስማማሉ? ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ ፈታኞቹ «ይህ ቢበላሽስ?» ብለው ሲጠይቋችሁ መልሱን በተግባር ታሳያላችሁ፤ ኢንሻአላህ።