ፈርሰው የተሠሩት የአቴንስ ነገዶች

የጥንት ግሪክ ከተሞች ዜጎቻቸውን በነገድ ይመድቡ ነበር። ስፓርታ ሦስት ነገድ ነበራት፤ አቴንስ አራት። አባልነቱ ከአባት ወደ ልጅ ስለሚወርድ፣ በየአካባቢው የገነኑ ትልልቅ ቤቶች ተከታዮቻቸውን እንደያዙ ይኖሩ ነበር። አቴንስን ለየት የሚያደርጋት እነዚህን ነገዶች ወደ ጎን ትታ አዲስ መሥራቷ ነው።

መነሻው የሥልጣን ሽኩቻ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ገደማ ክሌይስቴኔስ ከተቀናቃኙ ከኢሳጎራስ ጋር ሲፋጠጥ ሕዝቡን ከጎኑ አሰለፈ። ኢሳጎራስ የስፓርታውን ንጉሥ ክሌዮሜኔስን ከነጦሩ ቢያስመጣም፣ አቴናውያን የከተማዋ ምሽግ በሆነው አክሮፖሊስ ላይ ከበው አስወጧቸው። ክሌይስቴኔስ ራሱ የባላባት ልጅ ነውና ይህን ሁሉ ያደረገው ለሕዝብ አዝኖ ነው ብሎ መማል ይከብዳል።

ሥራው ግን የረቀቀ ነበር። አቴንስ የምትገኝበትን የአቲካን ምድር ከተማ፣ ባሕር ዳርና መሀል አገር ብሎ ከፈለ፤ እያንዳንዱን ለዐሥር ከፋፍሎ፣ ከሦስቱም አንድ አንድ ክፍል እያጣመረ ዐሥር ነገድ አቋቋመ። የአያንቲስ ነገድ ለምሳሌ በከተማው በኩል ፋሌሮንን፣ በባሕር ዳር ማራቶንን፣ በመሀል አገር አፊድናን ይዞ ነበር። ጎረቤት ያልነበሩ ሰዎች አብረው ይዘምታሉ፤ ለአምስት መቶው ምክር ቤት 50 ሰው ይልካሉ፤ በአምላካቸው በዲዮኒሶስ በዓል በመዝሙር ከሌሎቹ ነገዶች ጋር ይፎካከራሉ። በጦርነት የወደቁትም ስማቸው በየነገዳቸው ድንጋይ ላይ ይቀረጻል። ዛሬ በሉቭር ሙዚየም የሚገኘው የኤሬክቴይስ ነገድ ድንጋይ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በቆጵሮስ፣ በግብፅ፣ በፊንቄና በሌሎች ግንባሮች የሞቱ አባላቱን ይዘረዝራል።

ከነገዱ በታች 139 ያህል ቀበሌዎች ነበሩ። ወንድ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው በአባቱ ቀበሌ ይመዘገባል፤ በኋላ የትም ቢኖር ቀበሌውና ነገዱ አይለወጡም። የዘርን ሐረግ ለማላላት የቆመው ሥርዓት መልሶ በዘር የሚወረስ ሆነ ማለት ነው፤ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ይመስለኛል። ሴቶች የፖለቲካ መብት አልነበራቸውም፤ ባሪያዎችና መጻተኞችም ከመዝገቡ ውጪ ነበሩ።

በኋላ ነገድ የደጅ መጥኛ እጅ መንሻ ሆነ። አቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ307 ለመቄዶንያዎቹ የጦር መሪዎች ለአንቲጎኖስና ለልጁ ለዴሜትሪዮስ ክብር ሁለት ነገድ ጨመረች፤ በ200 ገደማ ከመቄዶንያ ጋር ስትጣላ ሰረዘቻቸው። በሮም ዘመን ደግሞ በቄሣር ሐድርያን ስም ሌላ አቋቁማለች።