ሞላ ይሸከማል፣ ሾክ ያረጋጋል

ዝቅ በተደረገ ፒክአፕ ላይ የሚስተካከል ሾክ አብዞርበር አገጣጠምና አቃኘት

አንድ ተሽከርካሪ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ከሥሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይከናወናሉ። አንደኛው ክብደትን መሸከም ሲሆን፣ ይህን የሚሠራው ሞላ ወይም ባሌስትራ ነው። ሁለተኛው የተቀሰቀሰውን ንዝረት ማብረድ ነው፤ ይህም መካኒኮች ባጭሩ ሾክ የሚሉት የሾክ አብዞርበር ድርሻ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ በተማሪዎች ዘንድ ብቻ ሳይሆን በብዙ አሽከርካሪዎችም ዘንድ የሚታይ ስሕተት ነው። ስሕተቱ በፈተና ወረቀት ላይ ነጥብ ያስቀንሳል፤ በመንገድ ላይ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ልዩነቱን አጉልቶ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ፣ ይኸውም ቁመቱ ዝቅ የተደረገ ፒክአፕን ወስደን እንመለከታለን።

1. ፒክአፕ እንዴት ዝቅ ይላል?

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት፣ በተለይም በሜክሲኮ ተወላጅ አሜሪካውያን ወጣቶች ዘንድ፣ መኪናን ወደ መሬት አስጠግቶ መንዳት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተስፋፋ ልማድ ነው። በኋላም ከጃፓን የገቡ ቀላል ፒክአፖች ልማዱን ወደ ጭነት መኪና አሻገሩት። የግዛቱ ሕግ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንኛውም ክፍሉ ከቸርኬው ታችኛ ጠርዝ በታች እንዲወርድ ተደርጎ የተለወጠ መኪና በመንገድ ላይ እንዳይነዳ ከልክሎ ቆይቷል፤ ክልከላው የተነሣው ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ነው።

የአሠራሩ መንገድ ከአንድ በላይ ነው። በብዙ ፒክአፖች የኋላው ባሌስትራ ከአክስሉ በላይ ይቀመጣል። አክስሉ ከባሌስትራው በላይ እንዲሆን ቦታው ሲለወጥ የመኪናው ኋላ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ይወርዳል። በፊት በኩል ደግሞ አጭር ሞላ ይገባል፤ አለዚያም ጎማውን የሚይዘው ክፍል መሐሉ ከፍ ብሎ በተሠራ ሌላ ክፍል ይተካል። በዚህ በመጨረሻው መንገድ ሞላውና ክንዶቹ በነበሩበት ስለሚቆዩ የሾኩ ርዝመት አይነካም። በሌሎቹ ግን አክስሉ ወይም ክንዱ ወደ ሻንሲው ስለሚጠጋ ለሾኩ የተተወው ቦታ ያጥራል። እንግዲህ ሾክ ከመግዛት በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «መኪናው በምን ዘዴ ዝቅ አለ?» የሚለው ነው።

2. በሾክ ውስጥ ምን አለ?

ሾክ በዘይት የተሞላ ሲሊንደር ነው። በውስጡ ፒስተን ይመላለሳል፤ ዘይቱም በፒስተኑ ላይ ባሉ ጠባብ ቀዳዳዎችና ቫልቮች በኩል ተጨንቆ ያልፋል። በዚህ ጊዜ የእንቅስቃሴው ኢነርጂ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ረጅም ጎርባጣ መንገድ ከተነዳ በኋላ ሾኩ የሚሞቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሞላ ጉልበት የሚወሰነው ምን ያህል በመታመቁ ሲሆን የሾክ ጉልበት የሚወሰነው ግን በእንቅስቃሴው ፍጥነት መሆኑ ነው። ፒስተኑ ከቆመ ዘይቱ አይከላከልም። ስለዚህ ተራ ሾክ የተጫነ መኪናን ሊሸከም አይችልም፤ በውስጡ የታመቀ ጋዝ ያለውም ቢሆን የሚጨምረው ግፊት ጥቂት ነው።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ጎማ ላይ ያረፈው መጠነ ቁስ 300 ኪሎግራም፣ የሞላው ጥንካሬ ደግሞ 30,000 ኒውተን በሜትር ይሁን። ንዝረትን ሳያወዛውዝ በፍጥነት የሚያቆመው ወሳኝ የማብረድ መጠን የሚገኘው ጥንካሬውን በመጠነ ቁሱ አባዝተን፣ የብዜቱን ስኩዌር ሩት ወስደን፣ በ2 ስናበዛው ነው። የ9,000,000 ስኩዌር ሩት 3,000 ስለሆነ፣ ወሳኙ መጠን 6,000 ኒውተን ሰከንድ በሜትር ይሆናል። የተለመደ መኪና ለተሳፋሪው ምቾት ሲባል ከዚህ ሩብ ወይም ሲሶ ያህሉን ይዞ ይሠራል፤ እኛ 1,800 ወይም 30 በመቶ እንውሰድ።

አሁን መኪናው ዝቅ ሲል ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ ጥንካሬው 43,200 የሆነ ሞላ ገባለት እንበል። ወሳኙ መጠን 7,200 ይሆናል። የድሮው ሾክ 1,800 ብቻ ስለሚሰጥ ድርሻው ከ30 ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። ሾኩ ምንም ሳይበላሽ መኪናው ከቀድሞው ይበልጥ ይወዛወዛል ማለት ነው። የቀድሞውን ድርሻ ለመመለስ 2,160 ያስፈልጋል። የሚስተካከል ሾክ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ቀዳዳዎቹን በማጥበብና በማስፋት ይህን ልዩነት ለመሙላት ያስችላል።

3. መለካትና መግጠም

በመጀመሪያ መኪናው በሜዳ ላይ በራሱ ጎማ ቆሞ ከላይኛው የሾክ ማሰሪያ እስከ ታችኛው ያለው ርቀት ይለካል። ከዚያ አክስሉ የማቆሚያውን ጎማ ጨፍልቆ መጨረሻ እስኪደርስ ወደ ላይ ሲወጣና እስከ መጨረሻው ሲንጠለጠል ያለው ርቀት ይወሰዳል። ሦስቱ ቁጥሮች 40፣ 33 እና 48 ሴንቲሜትር ቢሆኑ፣ የሚገዛው ሾክ ሲታጠፍ ከ33 ያነሰ፣ ሲዘረጋ ከ48 የበለጠ መሆን አለበት። ሾኩ ሲታጠፍ ከ33 የሚረዝም ከሆነ ግን ማቆሚያው እርሱ ይሆናል፤ በየጉድጓዱ ተመትቶም ዘንጉ ይጎብጣል ወይም ማሰሪያው ከሻንሲው ይገነጠላል።

ሥራው ሲጀመር ጎማዎቹ ይታገዳሉ፤ መኪናውም በክሪክ ላይ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ማረፍ አለበት። የታመቀ ሞላ ሲፈናጠር ሰው ሊገድል ስለሚችል፣ ያለ ማመቂያ መሣሪያው አይፈታም። ባለ ሁለት ሲሊንደር ሾክ ከመገጠሙ በፊት ቀጥ ተደርጎ ቆሞ ጥቂት ጊዜ እየታመቀና እየተዘረጋ አየሩ ይወጣለታል፤ ሲገጠምም ዘንጉ ወደ ላይ ይሆናል። ጎሚኒ ያለባቸው ዳዶዎች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

4. መቃኘት

ክራር የሚቃኝ ሰው አውታሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ አይነካም፤ አንዱን ጥቂት ያጠብቃል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ያልፋል። ሾክም እንዲሁ ነው። የጎማው ነፋስ ይስተካከላል፤ መኪናው ዘወትር የሚይዘውን ጭነት ይይዛል፤ ዘይቱ እንዲሞቅም ጥቂት ይነዳል። ከዚያም ከልል ካለው መጠን ተነሥቶ ግራና ቀኙን እኩል፣ ሁለት ሁለት «ቀጭ» እያሉ በማጥበቅ፣ በዚያው መንገድና በዚያው ፍጥነት መሞከር ነው። የታየው ሁሉ በደብተር ይጻፋል።

ምልክቶቹ የሚከተሉት ናቸው። ጉብታ ካለፈ በኋላ አካሉ ደጋግሞ ከተነሣና ከወደቀ፣ የመዘርጋት መከላከያው ይጠብቃል። በተከታታይ ጉብታዎች ላይ መኪናው እየተቀበረ ከሄደ፣ ሾኩ ሳይዘረጋ ሌላ ጉብታ እየደረሰበት ነውና ይላላል። በሸካራ መንገድ ላይ ባዶው ጭነት ክፍል ወደ ጎን የሚዘል ከሆነ ኋላው ከመጠን በላይ ጠብቋል። አክስሉ ማቆሚያውን ደጋግሞ ከመታ ግን ችግሩ የሞላ ወይም የቦታ ማነስ ሊሆን ስለሚችል፣ ሾክን ብቻ በማጥበቅ መሸፈን አይገባም።

እኛም በአንድ ወቅት ይህን በችግር ተምረነዋል። በአገራችን ፒክአፕ ዝቅ ከሚደረግ ይልቅ ለጭነት ባሌስትራ ሲጨመርለት ማየት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ አንድ ፒክአፕ ላይ የሚስተካከሉ ሾኮች ገጥመን፣ «የጠበቀ አስተማማኝ ነው» በማለት እስከ መጨረሻው አጠበቅናቸው። በአስፋልት ላይ ጸጥ ብሎ ሄደ። ባዶውን በጠጠር መንገድ ኩርባ ላይ ፍሬን ስንይዝ ግን ኋላው እየነጠረ ወደ ቦዩ ተንሸራተተ። ማንም አልተጎዳም። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ጎማ መሪም ሆነ ፍሬን የሚታዘዘው መሬት እስከነካ ድረስ ብቻ ነው። ከመጠን በላይ የጠበቀ ሾክ ደግሞ ጎማውን ወደ ጉድጓዱ ቶሎ እንዲወርድ አይለቀውም። በማግስቱ ስድስት «ቀጭ» አላልተን በዚያው መንገድ ብንሞክረው መኪናው መስመሩን ያዘ።

5. ለክፍል ትምህርት

ይህን ለማሳየት መኪና አያስፈልግም። ከአንድ ሞላ ላይ ክብደት አንጠልጥሉ፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ክዳን እሰሩ። ተማሪዎች መጀመሪያ በአየር ውስጥ፣ ቀጥሎ ክዳኑ ውሃ ውስጥ፣ በመጨረሻም ዘይት ውስጥ ጠልቆ ከመቆሙ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ይቁጠሩ። ከዚያ ሞላውን በጠንካራ ሞላ ለውጠው ይድገሙት። እያንዳንዱን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንዲለውጡና ሌላውን እንዳለ እንዲተዉ አሳስቧቸው። ሞላው እንደሚሸከም፣ ዘይቱ እንደሚያረጋጋ በዓይናቸው ያዩ ተማሪዎች ነገ ከጋራዥ ቢገቡም ሆነ መሪ ቢጨብጡ ሁለቱን አያደባልቁም።