ትውልድ ቆጠራና የጽሑፍ ማስረጃ በደብረ ታቦር አውራጃ

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች፣ ማለት በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ፣ የአንድን ቤተ ሰብ ታሪክ ለመመርመር የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊገነዘበው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም በዚህ አገር የትውልድ ሐረግ ሲቆጠር የኖረው ከሁሉ ይልቅ ስለ መሬት መሆኑ ነው። በእንግሊዝ አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1538 ጀምሮ የየአጥቢያው ካህን ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ ስለ ታዘዘ፣ ተመራማሪው ከመዝገብ ወደ መዝገብ እየተሸጋገረ ወደ ኋላ ይሄዳል። በበጌምድር እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጾች ቢደነግግም፣ ያው ሕግ በአንቀጽ 3361 ሥራ ላይ መዋላቸውን ለሌላ ጊዜ አቆይቶታል፤ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ተመራማሪው የሚሻውን ማስረጃ የሚያገኘው ስለ ሌላ ጉዳይ በተጻፈ ወረቀት ውስጥ ነው።

ርስት የሚወረሰው በአባትም በእናትም በኩል ነበረ። ማንም ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ዘሩን ቈጥሮ ከአቅኚው አባት መድረስ ከቻለ በዚያ አባት ስም ከሚጠራው መሬት ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። ወደ ላይ እስከ ሰባተኛው ትውልድ ቢቈጠር የአንድ ሰው ቅድመ አያቶች በዚያ ደረጃ ብቻ 128 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ በቃሉ የሚይዝ የለም። ሰው የሚይዘው መሬት ያስገኘለትን ወይም ያስገኝልኛል ብሎ ተስፋ ያደረገበትን መሥመር ነው፤ ሌላው ይረሳል። እርግጥ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ሰባት ቤት መቍጠርም የታወቀ ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ለጋብቻ የሚቈጠረውና ለርስት የሚቈጠረው ሐረግ ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ተመራማሪው ሁለቱን ለየብቻ መጠየቅ ይበጀዋል።

አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ጥናት ሊቅ በጎጃም በደጋ ዳሞት ያደረገውን ምርምር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ አስረዳው፣ የዘር ሐረግ ብቻውን መሬት አያስገኝም፤ ጠያቂው ወዳጅ፣ ገንዘብና የመሟገት ችሎታ ያስፈልገዋል። የበጌምድርም ሥርዓት ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም። ከዚህም የሚከተለው ለታሪክ መርማሪ ከባድ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ሙግት ያሸነፈ ሐረግ እውነት ሆኖ ይኖራል፣ የተሸነፈው ግን ከነባለቤቱ ይጠፋል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ምሳሌ በሰው አፍ የኖረው የተሸነፈው ወገን ተስፋ እንዳይቈርጥ ይመስላል።

ከመንግሥት መዝገቦች ሁሉ ለዚህ ጥናት የሚበልጠው እንግዲህ የግብር መዝገብ ሳይሆን የፍርድ መዝገብ ነው። የ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር ዐዋጅ ጎጃምን፣ ትግሬንና በጌምድርን ከሌላው ለይቶ በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉት በነበረው መጠን እንዲከፍሉ ስለ ፈቀደ፣ መሬቱ እንደ ደቡቡ በጋሻ ተለክቶ በእያንዳንዱ ባለይዞታ ስም አልተጻፈም። በፍርድ መዝገብ ግን ከሳሽ ከአቅኚው አባት ጀምሮ እነ እገሌ እገሌን ወለዱ እያለ እስከ ራሱ ይቈጥራል፤ ተከሳሽም ከመካከል አንዱን ስም ይክዳል፤ የሽማግሎችም ቃል ይጻፋል። አንባቢው የሁለቱን ወገን ቈጠራ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚስማሙበትን ስም እንደ ጸና፣ የሚለያዩበትን እንደ ተጠረጠረ ሊይዘው ይገባል።

ከዚያ በፊት ላለው ዘመን መሄጃው ቤተ ክርስቲያን ነው። በየአድባራቱ የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የመሬት ስጦታ፣ ሽያጭ፣ ኑዛዜና የእርቅ ቃል፣ ከፊሉ በግዕዝ ከፊሉ በአማርኛ ተጽፎ ይገኛል። ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋራ በጎንደርና በጎጃም እንዲህ ያሉትን ጽሑፎች በፎቶግራፍ ሰብስቦ መርምሯል፤ ሴቶች በገዛ ስማቸው መሬት ይወርሱ፣ ይሸጡና ይለውጡ እንደ ነበርም ከዚያው አሳይቷል። በቃል ቈጠራ ሴቲቱ ብዙ ጊዜ በባልዋ ወይም በልጅዋ ስም ተሸፍና ስለምታልፍ፣ ይህ ማስረጃ ዋጋው ታላቅ ነው።

ንባቡ ግን ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የስም ነገር አለ። አንድ ሰው በቤቱ የሚጠራበት የዓለም ስም፣ በቤተ ክርስቲያን የሚታወቅበት የክርስትና ስም፣ ጦረኛም ከሆነ የፈረስ ስም አለው፤ በወንጌሉ ኅዳግ ገብረ ማርያም ተብሎ የተጻፈው ሰው በልጅ ልጆቹ ዘንድ በፍጹም ሌላ ስም ይታወቅ ይሆናል። የቤተ ሰብ ስም ስለሌለም ልጁ የሚይዘው የአባቱን ስም ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ትውልድ ላይ ያው ስም ከመዝገብ ይወርዳል። ሁለተኛው የዘመን ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ዓመቱ በቍጥር አይነገርም፤ በራስ ዐሊ ዘመን፣ በዘመነ ሉቃስ፣ አለቃው እገሌ ሳሉ ይላል እንጂ። ወንጌላውያኑ በአራት ዓመት ስለሚዞሩ፣ ራስ ዐሊ ደብረ ታቦር ተቀምጠው ከ1823 እስከ 1845 ዓ.ም. በገዙበት ዘመን ውስጥ ዘመነ ሉቃስ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይገኛል። ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ የአለቃውንና የእማኞቹን ስም ቀኑ ከታወቀ ሌላ ጽሑፍ ጋራ ማስተያየት ግድ ነው።

ከነዚህም መጻሕፍት የጠፉት ብዙዎች ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አድባራት መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስወስደው ነበር፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ 350 ያህል መጻሕፍት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ስለዚህ የአንድ ጎንደሬ ቅድመ አያት የመሬት ውል ዛሬ በለንደን ሊነበብ ይችላል። ደብረ ታቦርንም ራሳቸው ንጉሡ ወደ መቅደላ ሲነሡ አቃጥለዋታል።

በዚያው ዘመን በጋፋት ይሠሩ ከነበሩት የውጭ አገር ባለሙያዎች አንዱ ሞሪጽ ሃል ነበረ፤ ከወለተ ኢየሱስ በ1868 እ.ኤ.አ. የተወለደችው መግደሊና የታዋቂው ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት። ይህ ሐረግ በቀላሉ የሚቈጠረው አባትየው በአውሮፓ ሚስዮናውያን ደብዳቤና መዝገብ ስለ ተጻፈ ነው፤ በዚያው መንደር ብረት ሲቀጠቅጡ የነበሩት የአገሩ ሰዎች ግን ስማቸው አይገኝም።

ነገሩ በእነርሱ ብቻ አያበቃም። ርስት የሌለው ሰው የሚቈጥረውን ሐረግ የሚያዳምጥ ሸንጎ አልነበረውም። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ በባርነት የመጣውም ከነልጆቹ በመሬት ጽሑፍ ውስጥ እምብዛም አይታዩም፤ ቢታዩም በጌታቸው ስም ነው። ቤተ እስራኤልም ከርስት የተነቀሉ ስለ ነበሩ የትውልዳቸው ነገር የኖረው በቄሶቻቸውና በሽማግሎቻቸው ቃል ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሁለት ቀን ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከዚህ ቃል የሚበዛው አብሮ ሄደ፤ በኋላም ወደዚያ ለመግባት የእናትን ትውልድ ማስረዳት ግዴታ ስለ ሆነ፣ ሳይጻፍ የቀረው ሐረግ ቤተ ሰብን ከቤተ ሰብ የሚለይ ነገር ሆነ።

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ የገጠርን መሬት ለሕዝብ ሲያደርግ የርስት ሙግት ቆመ፤ ከሙግቱም ጋራ የቈጠራው ጥቅም ቀረ። ሽማግሌው ለልጁ ማስጠናቱን ተወ። ዛሬ በየወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት የሚገኘው መዝገብ ሌላ ዓይነት ነው፤ የባልና የሚስትን ስም፣ የማሳውን አዋሳኝ በአራቱ ማዕዘን ይይዛል፤ ባለይዞታው ሲሞትም የወራሾቹ ማስረጃ ይያያዝበታል። አዋሳኞቹን ስም በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ብዙ ጊዜ የአንድ አያት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛል። የመስኩንም ስም ቢጠይቅ፣ ዐዋጁ የሻረው የአቅኚው አባት ስም አልፎ አልፎ በማሳው ላይ እንዳለ ነው።