መጋዝ የሚበላው፦ ስለ አቆራረጥ ዕቅድና ስለ ብክነት



ንግግሬን በራሴ ስህተት ልጀምር። ወጣት መምህር ሳለሁ አንድ አናጢ ለቁም ሣጥን ጎኖች የአቆራረጥ ዕቅድ እንዳወጣለት ጠየቀኝ። የኤምዲኤፍ ሰሌዳው ወርድ 122 ሴንቲ ሜትር፣ የሚፈለገው ክፍል ወርድ ደግሞ 61 ነበር። በወረቀት ላይ ሁለቱ ክፍሎች ልክክ ብለው ገቡ። መጋዙ ግን 3 ሚሊ ሜትር በልቶ ያልፋልና ሁለተኛው ክፍል 60.7 ሆኖ ወጣ። ይህ የታወቀው 20 ሰሌዳ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ዕቅዱ የእኔ፣ ኪሳራው የአናጢው ሆነ።

ጥያቄው ሲነገር ቀላል ነው፦ ከአንድ ሰሌዳ የሚፈለጉትን ክፍሎች በትንሹ ብክነት እንዴት እናውጣ? 244 በ122 ከሆነው መደበኛ ሰሌዳ 80 በ60 የሆኑ ክፍሎችን እንፈልግ እንበል። 80ውን በሰሌዳው ርዝመት አንጻር ብናስተኛው 6 ክፍል ይወጣል፤ የሚባክነው 3 በመቶ ያህል ነው። 60ውን ብናስተኛ ግን የሚወጣው 4 ብቻ ሲሆን ከሰሌዳው ከሲሶ በላይ ይተርፋል። ሰሌዳውም መጋዙም ያው ነው፤ የተለወጠው አቀማመጡ ነው። ይሁንና የተረፈው ረጅም ቁራጭ ለሌላ ትእዛዝ መሳቢያ ከዋለ ብክነት አይባልም። ስለዚህ ትእዛዞችን ነጣጥሎ ሳይሆን አንድ ላይ ማቀድ ይገባል።

ይህን መሰሉ ጥያቄ ታላቅ ሳይንስ ወልዷል። በሌኒንግራድ የሒሳብ ሊቁ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች ከኮምፔንሳቶ ኢንዱስትሪ በቀረበለት የማሽን ድልድል ጥያቄ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ሥራ የቁርጥራጭ ቅነሳንም መርምሯል። ዛሬ መስመራዊ ፕሮግራሚንግ የምንለው ዘርፍ ከመሠረቶቹ አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ከቻሊንግ ኮፕማንስ ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል።

የክፍሎቹ ዓይነትና ቁጥር ሲበዛ የአደራደሩ አማራጭ ከመቁጠር ያልፋል፤ ለሁሉም ሁኔታ የተሻለውን ሁሉ የሚበልጥ መልስ በፍጥነት የሚሰጥ ስልት እስካሁን አልተገኘም። ኮምፒውተርም ብዙ ጊዜ የሚሰጠን ጥሩውን እንጂ የመጨረሻውን አይደለም። በዚያ ላይ የእንጨቱ መስመር ክፍሉን እንዳናዞር፣ የጠረጴዛ መጋዙም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እንጂ ከመሐል ታጥፎ እንዳይቆርጥ ያስገድዱናል።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ቀመራችሁን ከመጻፋችሁ በፊት መጋዙ አጠገብ ቁሙ። ያቺ 3 ሚሊ ሜትር በቀመሩ ውስጥ ካልገባች የሚከፍላት ሌላ ሰው ነው።